ለቤት ውስጥ ቀላል ጉዳቶች የሚውሉ ባህላዊ መድኃኒቶችና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

በኢትዮጵያ በማዕድ ቤት የተቃጠለ እጅን፣ በቢላዋ የተቆረጠ ጣትንና ወለም ያለ ቁርጭምጭሚትን በቤት ውስጥና በጓሮ በሚገኙ ነገሮች ማከም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ ልማድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው የባህላዊ ሕክምና ስትራቴጂ፣ በአፍሪካ እስከ 80 በመቶ የሚደርሰው ሕዝብ በባህላዊ ሕክምና እንደሚገለገል አመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የኢትዮጵያ የጤና ፖሊሲም ለባህላዊ ሕክምና ትኩረት እንዲሰጥ ያመለክታል። ይሁንና ልማዶቹ ሁሉ እኩል ጠቀሜታ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ቀላሉን ጉዳት ወደ ከባድ አደጋ ይለውጡታል።

ጠቃሚነታቸው በጥናት ከተደገፉት መካከል ማር በቀዳሚነት ይጠቀሳል። በማር ውስጥ ያለው ከፍተኛ የስኳር ክምችት ከተህዋስያን ውስጥ ውኃን ስቦ በማውጣት እንዳይራቡ ያግዳል። አሲድነት ያለው መሆኑና ከቁስሉ እርጥበት ጋር ሲገናኝ በአነስተኛ መጠን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ማመንጨቱም ለዚሁ ያግዛል። ሆኖም ለቁስል ሕክምና ተብሎ የሚዘጋጀው ማር በጨረር ከተህዋስያን የጸዳ ሲሆን፣ ከገበያ የሚገዛው ግን ባዕድ ነገር ሊቀላቀልበት ስለሚችል ጥልቀት ባለው ቁስል ላይ ሊደረግ አይገባም።

የእሬት ቅጠል በበኩሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል። በመካከሉ የሚገኘው ዝልግልግና ቀለም አልባ ክፍል ላይ ላዩን የተቃጠለን ቆዳ ለማለስለስ ይረዳል። ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ ግን ቆዳን ሊያስቆጣ ስለሚችል አስቀድሞ ታጥቦ መወገድ ይኖርበታል።

በአንጻሩ በቃጠሎ ላይ ቅቤ፣ ሊጥ፣ እንቁላል ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ጎጂ ነው። እነዚህ ነገሮች ሙቀቱን አምቀው ያስቀራሉ፤ ቁስሉን ለተህዋስያን ያጋልጣሉ፤ የጤና ባለሙያውም የቃጠሎውን ጥልቀት እንዳያይ ይሸፍናሉ። ትክክለኛው የመጀመሪያ እርዳታ የተቃጠለውን ክፍል ለ20 ደቂቃ ያህል በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ማቆየት፣ ቀለበትና መሰል ጌጣጌጦችን ማውለቅ፣ ውኃ የቋጠረውን አለማፍረጥና በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ነው። በረዶ ማድረግ ቆዳውን ይበልጥ ስለሚጎዳ አይመከርም።

ለተቆረጠ ጣት የቡና ዱቄት መነስነስም የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ደሙን ለማቆም የሚያስፈልገው ንጹሕ ጨርቅ አድርጎ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ መጫን ሲሆን፣ ደሙ ከቆመ በኋላ ቁስሉ በንጹሕ ውኃ ሊታጠብ ይገባል። በተለይ አፈር ወይም እበት በቁስል ላይ ማድረግ የመንጋጋ ቆልፍን ተህዋስ በቀጥታ ወደ ሰውነት ያስገባል። በሽታው ገዳይ ቢሆንም በክትባት መከላከል ይቻላል።

ወለምታ በወጌሻ መታሸቱ የተለመደ ሲሆን፣ አደጋው የሚከተለው ወለምታ የመሰለው ጉዳት ስብራት ሆኖ በቀርከሃ ወይም በእንጨት አጥብቆ ሲታሰር ነው። ጥብቅ እስራት የደም ዝውውርን በመግታት አካሉ እንዲሞትና እንዲቆረጥ ሊያደርግ ይችላል። ከታሰረው በታች ያለው ክፍል ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ እስራቱን ወዲያው ፈትቶ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፣ ለወጌሾች አጭር ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ በዚህ ምክንያት የሚቆረጡ እጅና እግሮች ቁጥር መቀነሱን አሳይቷል።

ይህ ተሞክሮ የሚያመለክተው ባህላዊ አካሚዎችን ከማግለል ይልቅ ማሠልጠንና ከጤና ተቋማት ጋር ማስተሳሰር የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኝ ነው። በየቀበሌው የሚሰጠው የጤና ትምህርትም ኅብረተሰቡ ጠቃሚውን ልማድ ከጎጂው እንዲለይ፣ እንዲሁም ቃጠሎው ከእጅ መዳፍ ሲሰፋ፣ ደም አልቆም ሲል ወይም ቁስሉ ሲያመረቅዝ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም እንዲሄድ ሊያስገነዝብ ይገባል።