«ሆዴን አመመኝ» ብሎ ማቆም አይበቃም

በአማርኛ «ሆዴን አመመኝ» ስንል ጨጓራም፣ አንጀትም፣ ማህፀንም ሊሆን ይችላል። ባሕር ማዶ ግን ይቺው ቃል «የጨጓራ ሕመም» ተብላ ልትመዘገብ ትችላለች። ነገሩ ከማህፀን ውጪ እርግዝና ከሆነ ደግሞ ይህ መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል። እኔ የሶፍትዌር ባለሙያ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ይህን ማወቅ ግን የሐኪም ድርሻ ብቻ አይደለም።

ከ100 እርግዝና 1 ወይም 2ቱ ከማህፀን ውጪ ይፈጠራል፤ ከዚህም ከ90 በመቶ በላዩ በማህፀን ቱቦ ውስጥ ነው። ጽንሱ ሲያድግ ቱቦው ሊፈነዳና ደም ወደ ሆድ ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ጽንሱን ወደ ማህፀን ማዛወር አይቻልም። ማትረፍ የሚቻለው እናትየውን ነው።

ድሮ መፍትሔው ሆድን በሰፊው ቀድዶ ኦፕራሲዮን ማድረግ ነበር። ዛሬ ሴትየዋ ብዙ ደም ፈሷት ካልተዳከመች በአብዛኛው የሚመረጠው ላፓራስኮፒ ነው። እምብርት አካባቢ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀደዳል፣ ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፣ ካሜራ ይገባል። በሌሎች ትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገቡ መሣሪያዎች ጽንሱ ብቻውን ወይም ከነቱቦው ይወጣል። ብዙዎች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ። ቶሎ ከተደረሰበት ደግሞ ሜቶትሬክሴት በሚባል መርፌ ያለ ኦፕራሲዮን መታከም የሚቻልበት ጊዜ አለ።

«ቱቦዬ ከወጣ መውለድ ቀረ» የሚባለውም ልክ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የታተመ ጥናት፣ ሌላኛው ቱቦ ጤነኛ ከሆነ፣ የታመመውን ማውጣትም ሆነ ማትረፍ በኋላ በተፈጥሮ መንገድ ለመፀነስ ጉልህ ልዩነት እንደማያመጣ አሳይቷል።

ይህ ሁሉ ግን በጊዜ ለደረሰች ነው። እኛን የሚያዘገየን ይሉኝታው፣ የኢንሹራንሱ ሒሳብ፣ የመኖሪያ ወረቀቱና «ነገ ሥራ አለብኝ» ማለቱ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ግን ይህን እወቁ፦ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ሕግ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የመክፈል አቅምን ሳያይ መርምሮ አጣዳፊውን አደጋ ማከም አለበት።

ስለዚህ እህቶቼ፣ እንዲህ በሉ፦ «የወር አበባዬ ቀርቷል፣ ነፍሰ ጡር ልሆን እችላለሁ፣ ከሆዴ በታች በአንድ ጎን ያመኛል፣ ደም ይታየኛል።» ትከሻ ጫፍ ላይ ሕመም ወይም ራስ መሳት ከተጨመረ አምቡላንስ ጥሩ። ቋንቋው ካስቸገረ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። ባሎችና የቤት ተጋሪዎችም፣ «ሻይ በዝንጅብል ጠጪና ተኚ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የወር አበባሽ መቼ ነበር?