ኢሞጂ ከወዴት ይመጣል? ማንስ ይፈቅደዋል?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ሌሎቹን ለቡና ሊጠራ ስልኩን አወጣ። ቃል ከመጻፍ ይልቅ የጀበና ሥዕል ልኮ ሊገላገል ፈለገ። ቢፈልግ ቢፈልግ ጀበና የለም፤ ያገኘው የሻይ ማንቆርቆሪያና የፈረንጅ ስኒ ብቻ ነው። «እነዚህ ሰዎች እኛን መቼ ያውቁናል!» ብሎ ተናደደ። ከዚያ የተነሣው ክርክር ቡናው ከተጠጣ በኋላም አላለቀም። አንዱ የሚያወጣው የስልኩ ፋብሪካ ነው አለ፤ ሌላው መንግሥታት ተስማምተው ነው አለ። ሁለቱም ስላላገኙት ነገሩን መርምሬ የደረስኩበትን ባጭሩ ለማስረዳት እወዳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢሞጂ ጃፓንኛ ሲሆን «ሥዕል» እና «ፊደል» ከሚሉት ቃላት የተገጠመ ነው። የጃፓን ስልክ ኩባንያዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ እነዚህን ትንንሽ ሥዕሎች በስልክ ላይ ማኖር ጀመሩ። ሺጌታካ ኩሪታ በ1999 ለዶኮሞ ኩባንያ የነደፋቸው 176 ሥዕሎች ዝነኞች ናቸው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ ቁጥር ይሠራ ስለ ነበረ፣ ካንዱ የተላከው ሥዕል ከሌላው ዘንድ በትክክል አይደርስም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ስልክ ኢሞጂን የሚልከው በሥዕል ሳይሆን በቁጥር ነው። ፊደልም እንደዚሁ ነው። እኔ «ሀ» ብዬ ስጽፍላችሁ ከስልኬ የሚወጣው ቁጥር ሲሆን፣ የናንተ ስልክ ቁጥሩን ተቀብሎ በውስጡ ካለው ቅርጽ ጋር አመሳክሮ «ሀ»ን ያሳያችኋል። እንግዲህ ላኪና ተቀባይ በአንድ መዝገብ ካልተስማሙ መግባባት የለም። ይህን የዓለም መዝገብ የሚጠብቀው በ1991 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው፣ ለትርፍ ያልቆመው ዩኒኮድ ኮንሰርቲየም የተባለ ማኅበር ነው። የኛ ፊደል በመዝገቡ የገባው በ1999 ነው፤ ኢሞጂ በብዛት የገባው ግን በ2010 ነው።

አዲስ ኢሞጂ የሚጸድቀው በሦስት ደረጃ ነው።

አንደኛው ማመልከቻ ነው። ማኅበሩ በየዓመቱ ለጥቂት ወራት ማመልከቻ ይቀበላል፤ ማንም ሰው ማቅረብ ይችላል። አመልካቹ ከሥዕሉ ናሙና ጋር፣ ነገሩ በሰፊው የሚፈለግ መሆኑን ከኢንተርኔት ፍለጋ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ማነጻጸሪያ ሆኖ የተመደበውም «ዝሆን» የሚለው ቃል ነው። ደግሞም ሥዕሉ በትንሹ ሲሣል የሚለይ፣ ከአንድ በላይ ትርጉም ያለው፣ ባሉት ኢሞጂዎች የማይገለጽ ቢሆን ይመረጣል። የንግድ ምልክትና የታወቀ ሰው መልክ አይፈቀዱም።

ሁለተኛው ምርመራ ነው። የኢሞጂ ጉዳይ የተሰጠው የሥራ ቡድን መርጦ ለማኅበሩ የቴክኒክ ኮሚቴ ያቀርባል፤ ኮሚቴውም ይወስናል። በዚህ ኮሚቴ ሙሉ ድምፅ ያላቸው ከፍ ያለ ዓመታዊ መዋጮ የሚከፍሉ አባሎች ናቸው፤ ከነዚህም አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት ይገኛሉ።

ሦስተኛው ሥራ የኩባንያዎቹ ነው። የጸደቀው ኢሞጂ ቁጥርና ስም ተሰጥቶት ይታወጃል፤ ሥዕሉን ግን እያንዳንዱ ኩባንያ በራሱ መንገድ ይሥላል። ያው ፊት በሁለት ስልክ ላይ የተለያየ መልክ የሚኖረው ስለዚህ ነው። ስልኩ ያልታደሰለት ሰው ባዶ ሣጥን ብቻ ያያል። ከማመልከቻው እስከ ስልካችን ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ይፈጃል።

ይህ መንገድ ለባለጸጎች ብቻ የተሠራ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በ2016 በበርሊን ትኖር የነበረች ራዩፍ አልሁመይዲ የተባለች የ15 ዓመት የሳውዲ ልጅ፣ እሷን የምትመስል ሥዕል በማጣቷ ማመልከቻ ጻፈች፤ ሂጃብ የለበሰችው ሴት በ2017 በመዝገቡ ገባች። ፕላን ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት የእንግሊዝ ቅርንጫፍም ስለ ወር አበባ ያለ ሐፍረት እንዲነገር ብሎ ያቀረበው የውስጥ ሱሪ ሥዕል ተቀባይነት ሲያጣ፣ ከአገሩ የደም ባንክ አገልግሎት ጋር ተባብሮ የደም ጠብታን አቀረበ። እሱም በ2019 ጸደቀ። የመጀመሪያው እምቢታ ሥራውን አላስቆመውም።

«አገር ስንት ችግር እያለባት የሥዕል ነገር ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ኢሞጂ የሚጻፍበት መዝገብ የፊደላችን መኖሪያ ነው። ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት እዚያው መዝገብ የገቡት በ2021 ነው፤ ያስገባቸውም ሰዎች አጥንተው ማመልከታቸው ነው። ዝም ያለ ወገን በመዝገቡ ቦታ የለውም።

ሚዛኑ ግን ፍጹም ትክክል ነው ለማለት አልደፍርም። የፍለጋ ብዛት መለኪያ ሲሆን፣ ኢንተርኔት እንደ ልቡ የማያገኝ ሕዝብ ከመጀመሪያው ወደ ኋላ ይቀራል። ጀበና ከዝሆን ጋር ስትመዘን ማን እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። ቢሆንም ለጀበና የሚቀርበው ክርክር ደካማ አይደለም። ረጅም አንገቷና ክብ ሆድዋ በትንሹም ቢሣል ይለያል። ከኢትዮጵያ ሌላ በኤርትራና በሱዳንም ትታወቃለች። ትርጉሟም ቡና ብቻ ሳይሆን ጉርብትና፣ እንግዳ መቀበልና እርቅ ጭምር ነው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመካከላችን ሥዕል የሚችል አለ፤ ማስረጃ መሰብሰብ የለመደ አለ፤ ማመልከቻ በደንብ የሚጽፍም አለ። ቅዳሜ ማታ ስንናደድ የምናጠፋውን ጊዜ ለዚህ ብናውለው ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ መልስ እናገኝ ይሆናል። እስከዚያው ጓደኛችን «ቡና ጠጡ» ብሎ በፊደላችን ይጥራን። እንመጣለን።