የካርቱን ገበያ፦ ትርፉ ከአዳራሹ በር ውጭ ነው

የትምህርት ቤት መከፈቻ ሲቃረብ ከደሴ ፒያሳ እስከ ሸዋ በር ባሉት ሱቆች ቶሎ ቶሎ ከሚወጡት ዕቃዎች መካከል የልጆች ቦርሳና ደብተር ይገኙበታል። ነጋዴው ስለ ዚፑና ስለ ጨርቁ ጥንካሬ ቢያስረዳም ልጁ የሚመርጠው በላዩ የታተመውን ሥዕል አይቶ ነው። ሥዕሉ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ የካርቱን ፊልም ገጸ ባሕርይ ነው። ለመሆኑ ይህ ሥዕል ምን ያህል ገንዘብ ያንቀሳቅሳል? ትርፉስ የማን ኪስ ይገባል?

ጥያቄውን ለመመለስ ከጃፓን የተሻለ አገር አይገኝም። የጃፓን አኒሜሽን ማኅበር ባወጣው አኃዝ መሠረት የአገሪቱ የአኒሜሽን ገበያ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ3.3 ትሪሊዮን የን በላይ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የተገኘው ከጃፓን ውጭ ካለው ገበያ ነው። አገሪቱ ከመኪናና ከኤሌክትሮኒክስ ጎን ለጎን በእጅ የተሳለ ተረት ለዓለም ትሸጣለች ማለት ነው።

ኤግዚቢሽኑ ምን ይሸጣል?

በቶኪዮ አቅራቢያ በሚታካ ከተማ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 የተከፈተው የጂብሊ ሙዚየም ለጃፓን አኒሜሽን ከተሠሩት ቋሚ ኤግዚቢሽኖች አንዱ ነው። ያሠራው «ስፒሪትድ አዌይ» በተሰኘው ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ኦስካር ያሸነፈው የሐያኦ ሚያዛኪ ስቱዲዮ ነው። ወደ ሙዚየሙ ለመግባት የሚሻ ሰው በር ላይ ቆሞ ቲኬት መቁረጥ አይችልም፤ ቀኑንና ሰዓቱን መርጦ አስቀድሞ መግዛት ግድ ይለዋል። የአዋቂ መግቢያ 1,000 የን ነው። ጎብኚው ውስጥ ሲገባ የሚሰጠው ቲኬት ከፊልም ጥቅል የተቆረጠ ቁራጭ በመሆኑ ማንም አይጥለውም። ከቤት ውጭ እንጂ ውስጥ ፎቶግራፍ ማንሳት ክልክል ነው። በአነስተኛዋ ሲኒማ ቤት የሚታዩት አጫጭር ፊልሞችም ለዚያው ቦታ ተብለው የተሠሩ ናቸው።

በነጋዴ ዓይን ሲታይ ዘዴው ግልጽ ነው። የጎብኚው ቁጥር ስለተገደበ ግፊያ የለም፤ ገንዘቡ አስቀድሞ ስለሚገባ የቀን ገበያ መዋዠቅ አያስጨንቅም፤ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ስለሚታይ ደግሞ ሰው ከሩቅ ይመጣል። የመግቢያው ዋጋ መካከለኛ ሆኖ ጎብኚው የሚወጣው በመታሰቢያ ዕቃ መሸጫው በኩል ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ከቸኮላት የተጀመረ ንግድ

ይህ አሠራር ሥር ያለው ነው። ሠዓሊው ኦሳሙ ቴዙካ በውጭው ዓለም «አስትሮ ቦይ» በሚል የታወቀውን ተከታታይ ፊልም እ.ኤ.አ. በጥር 1963 በቴሌቪዥን ሲያስጀምር ለአንድ ክፍል የተከፈለው ገንዘብ ወጪውን እንኳ አልሸፈነም ነበር። ወጪ ለመቀነስ የሥዕሉን ብዛት አሳነሰ፤ አንዱን ሥዕል ደጋግሞ ተጠቀመ። ጉድለቱን የሸፈነው ግን ከገጸ ባሕርይው በተገኘ ገቢ ነው። የፕሮግራሙ ስፖንሰር የነበረው ሜይጂ የተባለ ጣፋጭ አምራች የልጁን ምስል ተለጣፊ ወረቀት ከቸኮላቱ ጋር ማቅረብ ሲጀምር ቸኮላቱ ተቸበቸበ። ፊልሙ በኪሳራ ተሸጦ ሥዕሉ አተረፈ።

ሚያዛኪም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «ጎረቤቴ ቶቶሮ» በሲኒማ ቤት ያን ያህል ገንዘብ አላስገባም። ቆየት ብሎ ገበያ ላይ የዋለው የቶቶሮ አሻንጉሊት ግን ለስቱዲዮው ትልቅ የገቢ ምንጭ ሆነ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ራሱ ካፒታል መሆኑን ልብ ይሏል።

ሃምሳ ሎሚ

አንድ ተከታታይ ፊልም ለማሠራት የሚጠይቀው ገንዘብ ብዙ በመሆኑ ጃፓኖች «የአምራቾች ኮሚቴ» የሚሉት ሽርክና አላቸው። መጽሐፍ አሳታሚው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ አሻንጉሊት አምራቹና የማስታወቂያ ድርጅቱ ገንዘብ አዋጥተው ኪሳራውንም ትርፉንም በድርሻቸው ይካፈላሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። እቁብና ሽርክና ለለመደው የወሎ ነጋዴ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

ሆኖም ሌላም ገጽ አለው። በኮሚቴው ውስጥ ድርሻ የሌለው የሥዕል ስቱዲዮ የሚያገኘው የሥራውን ክፍያ ብቻ ነው፤ ፊልሙ ዓለምን ቢያጥለቀልቅም ተጨማሪ አይደርሰውም። የባለሙያዎቹ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ገቢ ላይ ባደረገው ጥናት መካከለኛ ሥዕሎችን የሚስሉት ጀማሪዎች በዓመት በአማካይ የሚያገኙት 1.1 ሚሊዮን የን ገደማ ብቻ ነበር። ይህም በጃፓን ኑሮ የቤት ኪራይና ቀለብ ለመቻል የማይበቃ ነው። ሠዓሊው ደክሞ የሚያተርፈው የመብቱ ባለቤት ነው።

በአገራችን የቀረበው ምሳሌ

በኢትዮጵያም መንገዱን የጀመሩት አሉ። መምህርት የነበሩት ወ/ሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረቱ። ከካልሲ በተሠራ የቀጭኔ አሻንጉሊት የጀመረችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በቴሌቪዥን የአገሪቱ ልጆች ወዳጅ ሆነች፤ ከጃፓንም የትምህርት ፕሮግራሞች ሽልማት አግኝታለች። ወ/ሮ ብሩክታዊትም እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስን የወጣት ተሸላሚነት ክብር ተቀዳጅተዋል። ይኸው ድርጅት «ጥበብ ገርልስ» የተሰኘ የአኒሜሽን ተከታታይ ፊልምም አዘጋጅቷል። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ገጸ ባሕርይ ልጅ ሊወደው እንደሚችል ተፈትኖ ታይቷል።

የደሴና የኮምቦልቻ ሒሳብ

ደሴና ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት የተያያዙ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁ ከተሞች ናቸው። አንዷ የንግድና የትምህርት ማዕከል ስትሆን ሌላዋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተተከለባትና በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ 75 ሄክታር የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ናት። የወሎ ዩኒቨርሲቲም በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። በጥቅምትና ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች ሲያዳርስ የደሴ ሙዚየም ሳይቀር ተዘርፏል። ሱቁ የተራቆተበት ነጋዴ ገንዘቡን አዲስ ነገር ላይ ለማዋል ቢያመነታ አይፈረድበትም። ስለዚህ ሒሳቡ ይታይ።

ለምሳሌ ያህል 40 ሰው የሚይዝ ክፍል ቅዳሜና እሑድ በቀን 4 ጊዜ የልጆች ፊልምና የሥዕል ትርዒት ቢያሳይ፣ መግቢያውም 50 ብር ቢሆን፣ ክፍሉ ሁልጊዜ ቢሞላ በወር 8 ቀን 1,280 ተመልካችና 64,000 ብር ይገኛል። ከዚህ ላይ ኪራይ፣ መብራት፣ ደመወዝና ግብር ይቀነሳል። ክፍሉ ደግሞ ከ40 በላይ አይይዝም፤ ገቢው ጣሪያ አለው።

በሌላ በኩል የአንድ አገር በቀል ገጸ ባሕርይ ምስል ያለበት ደብተር በደሴ፣ በሐይቅ፣ በባቲ፣ በከሚሴና በወልዲያ 30,000 ቢሸጥና ለምስሉ ባለቤት ከአንዱ 3 ብር ቢታሰብ 90,000 ብር ይሆናል። ለዚህ አዳራሽ መከራየት አያስፈልግም። ትርዒቱ ገጸ ባሕርይውን ያስተዋውቃል፤ ደብተሩ፣ ቦርሳውና ካናቴራው ያተርፋል። ይሁን እንጂ ልጆች ያልወደዱት ሥዕል ደብተር አይሸጥምና የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያለ ትርፍ ለመቆየት ያልተዘጋጀ ሰው ባይገባበት ይሻላል።

ከመጀመር በፊት

ሕጉ ችላ የሚባል አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፊልም ለሕዝብ ማሳየት የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከገበያ የተገለበጠ ፊልም አምጥቶ ቲኬት መቁረጥ ንብረትን ለክስ ማጋለጥ ነው። ከሠዓሊ መብት የሚገዛም ውሉን በጽሑፍ ያድርግ። የገጸ ባሕርይውን ስምና ምስል በንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ማስመዝገብ ለ7 ዓመት ጥበቃ ያስገኛል፤ ሲያልቅም ይታደሳል።

ከሠዓሊው ጋር የሚደረገው ውል የጃፓኑን ስህተት መድገም የለበትም። በወጣትነቱ በጥቂት ብር ፈርሞ መብቱን የሸጠ ሠዓሊ ሥዕሉ ሲታወቅ ተቀይሞ ይሄዳል፤ ሁለተኛውን ገጸ ባሕርይ የሚስል ሰው አይኖርም። ከሽያጩ ጥቂት መቶኛ ለእሱ ማሰብ ለነጋዴው ራሱ የሚበጅ ወጪ ነው። ጥቅምት ላይ የገባ ደብተር ገዢ እንደማያገኝ ሁሉ መስከረም ላይ ሊሸጥ የታሰበ ሥዕልም ውሉ ከክረምቱ በፊት ያለቀ መሆን አለበት።