ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ግንበኛ ይዛችሁ ሂዱ

ባለፈው ክረምት ልጄና ባሏ እንሴኖ ላይ ቤት ሊገዙ ተነሡ። የያዙት ገንዘብ የስምንት ዓመት እቁብና የበርበሬ ንግድ ትርፍ ነው፤ ሌላ ጥሪት የላቸውም። ደላላው «ዛሬ ቀብድ ካልሰጣችሁ ነገ አታገኙትም» ብሎ ወጥሮ ያዛቸው። አማቼ ቀብዱን በኪሱ ይዞ ሊወጣ ሲል «ቆይ፣ መጀመሪያ ግንበኛ ይየው» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ።

«እማማ፣ ሰው ቤት ገብተን ግድግዳ ልንቆረቁር ነው? ምን ይሉናል?»

እውነቱን ነው። በእኛ አገር ቤት ሊያይ የመጣ ሰው እንግዳ ነው። ቡና ይፈላለታል፣ ቆሎ ይቀርብለታል። ከዚያ በኋላ «እስቲ ቁም ሳጥኑን አንሡልኝ» ማለት ይከብዳል። እኔ ግን ዕድሜዬን በነርስነት የጨረስኩ ነኝ፤ በሽተኛውን ሳልነካ በመልኩ ብቻ ደህና ነው ብዬ አልሸኝም። ስለዚህ ለሻጩ ቀድሜ ደወልኩ። «ነገ ግንበኛ ይዘን እንመጣለን፣ ቡናው ከሥራው በኋላ ይሁን» ስላቸው ሳቁና «እሺ ሲስተር» አሉኝ። ነገሩ በዚሁ ቀለለ።

አሜሪካ ያለችው የእህቴ ልጅ ቤት ስትገዛ ሥራው ይኸው ብቻ የሆነ መርማሪ ቀጥራ ጣሪያና መሠረቱን አስመርምራ ውጤቱን በጽሑፍ ተቀብላለች። በእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ሙያተኛ አላየሁም። ያለው ጥሩ ግንበኛ ነው፤ የአንድ ቀን ሒሳቡን ከፍላችሁ ትወስዱታላችሁ። ታዲያ ደላላው የሚያመጣው መሆን የለበትም።

ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፣ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ግንበኛው ቀለሙን ዞር ብሎም አላየው። ቁም ሳጥኑን አስነሥቶ ተንበረከከና ካቻቢቴውን ከቋሚው እግር ላይ ተከለው። እስከ እጀታው ድረስ ገባ። ምስጥ! ከውጭ ልስኑ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ያለው እንጨት ግን ዱቄት ሆኗል። ቀጥሎ በርና መስኮቱን ዘግቶ ወደ ላይ እንድናይ ነገረን። በየምስማሩ ቀዳዳ ብርሃን ይታያል። ሐምሌ ስለነበር ከሥሩ ያለው የኮርኒሱ ጨርቅ ረጥቦ ቢጫ ክብ ሠርቷል። ቤት በክረምት ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በጥር ቢሆን ምንም አናይም ነበር።

ከመስኮቱ ጥግ የሚነሣ ስንጥቅም ነበር። እኔ ደነገጥኩ፤ እሱ ግን ጣቱን አስጠግቶ ለካው። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ የልስን ነው፣ አያሳስብም አለን። ከበርና ከመስኮት ጥግ ሰያፍ ወርዶ ጣት የሚያስገባ ከሆነ ግን መሠረቱ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ዋልካ አፈር በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሸሻል፤ በላዩ ያለውን ቤትም ይዞት ይንቀሳቀሳል። የዚህኛው ስንጥቅ ቀጭኑ ዓይነት ነበር።

ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ። ከውኃ ጉድጓዱ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ በእርምጃ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ። እኛ ስንማርም ስናስተምርም በሁለቱ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር ይሁን ነው። 200 ካሬ ግቢ ውስጥ ይህን ርቀት ማግኘት እንደማይቻል አውቃለሁ። «የምትጠጡት ከየት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ከዚሁ ጉድጓድ ነው። በተቅማጥ ዓይናቸው የጎደጎደ ስንት ሕፃናት በእጄ አልፈዋል! የልጅ ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ካልፈላ ወይም እንደ ውኃ አጋር ያለ ማከሚያ ካልገባበት አይጠጣም። ወደ ዝዋይ ቁልቁል ቤት ለምትገዙ ደግሞ ሌላ ነገር ልጨምር፦ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል። እሱን ማፍላት አያስወግደውም፣ እንዲያውም ውኃው ሲተን ይበልጥ ይጠነክራል። የጎረቤት ልጆች ሲስቁ ጥርሳቸውን እዩ።

ወረቀቱም ጉድ ነበረው። ካርታው በሻጩ ሟች አባት ስም ነው፣ ወራሾቹ ሦስት ወንድማማቾች። አማቼ «በመንደር ሽማግሌ ፊት እንፈራረማለን» ሲል አልተቀበልኩም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲሆን ያዛል። ሦስቱም ወራሽነታቸውን ከፍርድ ቤት አስወስነው፣ ስሙ በማዘጋጃ ቤት ዞሮ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ሳይረጋገጥ አንድ ብር አይወጣም አልኩ። ሻጭ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ የሚስትም ፊርማ ያስፈልጋል።

ሰውየው አታላይ አልነበሩም። የምስጡን ነገር ከእኛ ጋር ነው ያወቁት፤ ካቻቢቴው ሲገባ ከሁላችን በላይ የደነገጡት እሳቸው ናቸው። ቡናው ላይ ግንበኛው የጥገናውን ወጪ አስልቶ ነገረን፣ ከዋጋው ላይ ያንኑ ቀነሱልን። ወረቀቱ አራት ወር ፈጀ። ደላላው በዚህ መሐል ሦስት ጊዜ «ሌላ ገዢ መጥቷል» ብሎ ደውሏል፤ ገዢው ግን አልመጣም።

አሁን ልጆቼ ገብተውበታል። የበሰበሱት ቋሚዎች ተቀይረው ከሥር ድንጋይ ተገንብቷል፣ የሚጠጡትም ከቧንቧ ነው፤ ጉድጓዱ ተከድኖ ለልብስ ማጠቢያ ብቻ ቀርቷል። ሽንት ቤቱ ግን እስካሁን አልተዛወረም። የዘንድሮ በርበሬ ሲሸጥ ይላሉ።