ያውቁ ኖሯል? ኮሊና የሚያሰጋው መድኃኒት
በስኮትላንድ ተራሮች የበግ መንጋ ሲጠብቅ የኖረው፣ በ1860ዎቹም (እ.ኤ.አ.) ንግሥት ቪክቶሪያ በባልሞራል ስለወደደችው ከእረኛ ጎጆ ወደ መኳንንት እልፍኝ የገባው ኮሊ የተባለው የውሻ ዝርያ፣ በባሕርዩ ገር፣ ለሕፃናት ርኅሩኅ፣ ለትምህርትም ፈጣን ቢሆንም፣ ሊያሳድገው የሚሻ ሰው ከመልኩ ውበት አስቀድሞ ከወላጆቹ የሚወርሰውን አንድ ድካም ሊመረምር ይገባዋል። ይኸውም፣ መርዛም ነገር ወደ አንጎል እንዳይዘልቅ እንደ በር ጠባቂ የሚከለክለውን ፕሮቲን የሚያስገኘው ኤምዲአር1 የተባለ ዘረ መል በብዙዎቹ ኮሊዎች ዘንድ ጉድለት ስላለበት፣ ለከብት የትል ማጥፊያ የሆነው አይቨርሜክቲን፣ ሌላውን ውሻ በማይጎዳ መጠን ቢሰጠው እንኳ፣ ሊያንገዳግደው፣ ዓይኑን ሊያጨልም፣ ለሞትም ሊያደርሰው ይችላል፤ መድኃኒቱን የወሰደ ፈረስ የጣለውን ፋንድያ መብላቱ ብቻ ያሰጋዋል። የሰው ተቅማጥ ማስታገሻ ሎፐራሚድም እንዲሁ ነው። ምክንያቱ በ2001 (እ.ኤ.አ.) በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተገለጠ ሲሆን፣ ዛሬ ጉድለቱ ከጉንጩ ውስጥ በሚወሰድ ናሙና ይታወቃል። ረጅም ጠጉሩን በየሳምንቱ ማበጠር፣ ብቻውን ሲውል የሚያሰማውንም ጩኸት መታገሥ (ጎረቤት ከታገሠ!) ከዚህ ይቀላል። እንግዲህ ቡችላውን ከመቀበልዎ በፊት የወላጆቹን የምርመራ ውጤት ይጠይቁ፤ ለእንስሳት ሐኪምዎም አስቀድመው ያስታውቁ።