ዝገት የሚተነፍሱ ነፍሳት

የከሚሴና የጨፋ ሮቢት ገበሬ ወገኖቻችን! ከብት ይዛችሁ በቦርከና በኩል ወደ ጨፋ ረግረግ ስትወርዱ፣ በቆመ ውሃ ላይ እንደ ቅባት የሚያብለጨልጭ ስስ ነገር፣ ከሥሩም ዝገት የመሰለ ዝቃጭ አጋጥሟችሁ ያውቃል? «ናፍጣ ፈሶበት ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ በእንጨት ነካ አድርጉት። እንደ ቀጭን መስተዋት ተሰባብሮ ከቀረ ብዙውን ጊዜ ብረት ነው። ተመልሶ ከገጠመ ግን ናፍጣ ወይም ዘይት ሊሆን ይችላልና ከብቱን አርቁ።

ታዲያ ብረቱን ማን አመጣው? አፈር ውስጥ ብረት አለ፤ አፈርን ቀይ የሚያደርገው እሱ ነው። ጭቃው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ነፍስ ያለው ሁሉ ከምግቡ ጉልበት ሲያወጣ ኤሌክትሮን የሚባሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች ይለቀቃሉ። እነሱን የሚቀበል ከሌለ ሥራው ይቆማል። የኛን የሚቀበለው ከአየር የምንስበው ኦክስጅን ነው። ጭቃ ውስጥ ግን አየር የለም። ስለዚህ አንዳንዱ ባክቴሪያ ለዝገት ያስረክባል።

ዝገት ግን ጠጣር ነው፤ አይዋጥም። እንግዲህ ምን ይደረግ? ጅጌ ወጥታችሁ ቤት ስትሠሩ ድንጋዩን ከእጅ ወደ እጅ ትቀባበሉ የለም? ባክቴሪያውም እንዲሁ ነው። በገላው ላይ የተደረደሩ ብረት ያዘሉ ፕሮቲኖች ኤሌክትሮኑን እየተቀባበሉ ወደ ውጭ ያደርሱታል። ኤሌክትሮን የተቀበለ ዝገት በውሃ ይሟሟል፤ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ሲያገኘው እንደገና ይዝጋል። በውሃው ላይ ያያችሁት ይኸው ነው።

ይህ ሥራ በፍል ውሃም አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የሩሲያ ተመራማሪዎች በኩናሺር ደሴት ካለ ፍል ውሃ ዝገት ውስጥ ያገኟትን ቴርሚንኮላ ፌሪአሴቲካ የተባለች ባክቴሪያ አስታወቁ። የሚስማማት ሙቀት 60 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የሰው እጅ የማይችለው ማለት ነው። በዝገት ፈንታ ከካርቦን የተሠራ ነገር ቢያቀርቡላትም ኤሌክትሮኑን እዚያ ላይ ታራግፋለች፤ በሽቦ ሲያገናኙት ኤሌክትሪክ ይፈሳል። ኃይሉ ትንሽ ነው፤ መንደር አያበራም። ነገር ግን ቆሻሻ ውሃ እያጣሩ ኤሌክትሪክ ለማግኘት መንገድ ያሳያል። ስለዚህ በጎረቤታችን በአፋር ምድር የሚንተከተከውን ምንጭ ስታዩ «እዚህ ነፍስ የለም» አትበሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ብረቱ መርዝ ባይሆንም ከብት የቆመበት ውሃ ሌላ ተውሳክ ይኖረዋል። ሳታፈሉ አትጠጡ፤ ለልጆችም አትስጡ። ያነበባችሁትንም ላላነበበው ጎረቤት አንብቡለት!