በኮኖች መካከል አንድ ደቂቃ፦ የአውቶክሮስ ውድድር ዳሰሳ

በየዓመቱ ጳጉሜን ሲቃረብ፣ በአሜሪካ ኔብራስካ ግዛት ሊንከን ከተማ ዳር ያለው የቀድሞ የአየር ኃይል ጣቢያ በስፖርት መኪኖች ይሞላል። ከሺህ የሚበልጡ ተወዳዳሪዎች ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ይሰበሰባሉ። መኪናውን በተጎታች ጭኖ የመጣ አለ፤ የውድድር ጎማዎቹን ከጎኑ ደርድሮ፣ በዚያው በሚወዳደርበት መኪና ሲነዳ ያደረም አለ። ያን ሁሉ መንገድ የሚመጡት ስድስት ዙር ለመንዳት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ሦስት፣ በማግስቱ በሌላ መስመር ሦስት። አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። የሁለቱ ቀናት ምርጥ ሰዓቶች ተደምረው ሻምፒዮኑ ይለያል፤ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ያለው ልዩነት በሺኛ ሰከንድ የሚቆጠርበት ጊዜም አለ።

ውድድሩ አውቶክሮስ ይባላል። ሜዳው ሰፊ አስፋልት ወይም ኮንክሪት ነው፦ ያረጀ ማኮብኮቢያ፣ የስታዲየም መኪና ማቆሚያ፣ የመሳሰለው። በሜዳው ላይ ብርቱካናማ ኮኖች ተደርድረው ለአንድ ቀን ብቻ የሚያገለግል ጠመዝማዛ መስመር ይሠራል። መኪኖቹ በየተራ፣ ተራርቀው ይለቀቃሉ፤ ፉክክሩ ከሰዓት ጋር እንጂ ጎን ለጎን አይደለም። አብዛኛው ዙር በሁለተኛ ማርሽ ያልቃል፤ ፍጥነቱም በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከደረሰ ብዙ ነው። የእያንዳንዱ ኮን እግር ዙሪያውን በኖራ ይሰመራል። ኮኑ ከወደቀ፣ ወይም እንደቆመም ቢሆን ከኖራው ሳጥን ሙሉ በሙሉ ከወጣ፣ 2 ሰከንድ ይቀጣል። በር፣ ማለትም በኮኖች የተከለለ ማለፊያ፣ ስቶ ያለፈ ደግሞ ዙሩ አይቆጠርለትም። በአውሮፓ በዚሁ ስም የሚጠራው በአፈር ሜዳ ላይ እየተገፋፉ የሚሮጡበት ሌላ ስፖርት ስለሆነ አንባቢ እንዳይምታታ። የእንግሊዞቹ አውቶሶሎና የጃፓኖቹ ጂምካና ግን የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። አሜሪካዊው የራሊ ሾፌር ኬን ብሎክ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጂምካና በሚል ስም የሠራቸው ታዋቂ ቪዲዮዎች ለዓይን የተሠሩ ትርኢቶች ናቸው፤ በአውቶክሮስ እንደዚያ ጎማ ያጨሰ ሰው ሰዓቱን ያጣል።

የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ፣ በምህጻረ ቃሉ ኤስሲሲኤ፣ የተመሠረተው በ1944 ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትናንሽ የእንግሊዝ ስፖርት መኪኖች ወደ አሜሪካ ሲገቡ አባላቱ መንጃ ቦታ ፈለጉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የስትራቴጂክ አየር ዕዝ አዛዡ ጄኔራል ከርቲስ ለሜይ፣ ራሳቸው የመኪና ፍቅር የያዛቸው ሰው ስለነበሩ፣ የአየር ኃይል ጣቢያዎችን ለክለቡ ውድድሮች ከፈቱ። በማኮብኮቢያ ላይ መኪና ማሽከርከር በዚያ ዘመን ሥር ሰደደ። ዛሬ በሊንከን የሚካሄደው የኮን ውድድሩ ብሔራዊ ሻምፒዮና የተጀመረው ግን ዘግይቶ በ1973 ነው። ከዚህ ሜዳ ተነስተው ትልቅ ሙያተኛ የሆኑም አሉ፤ ራንዲ ፖብስት ከኮን ጀምሮ የአሜሪካ የጽናት ውድድሮች አሸናፊ እስከ መሆን የደረሰ ነው።

ስፖርቱን በሕይወት ያቆየው የምድብ ደንቡ ይመስለኛል። ፖርሽ 911ን ከአሮጌ ሆንዳ ሲቪክ ጋር ማወዳደር ትርጉም ስለሌለው መኪኖች በአቅማቸውና በተደረገላቸው ለውጥ ልክ ይመደባሉ። ከፋብሪካ እንደወጡ ከሚቀሩት አንስቶ፣ ከጎማና ከሞተር በቀር ምንም እስካልቀረላቸው ድረስ የተቀየሩ አሉ። በምድብ ያልተገናኙትን ለማወዳደር ደግሞ ለየምድቡ አንድ ማባዣ ቁጥር ይሰጣል። በ0.80 የሚባዛ ምድብ ውስጥ 60 ሰከንድ የነዳ ሰው 48 ይያዝለታል፤ በ0.85 የሚባዛው ፈጣን መኪና ደግሞ ከዚህ የተሻለ ለመሆን ከ56.5 ሰከንድ በታች መግባት አለበት። ማባዣው ፍትሐዊ አይደለም ብሎ የማያማርር ተወዳዳሪ የለም ማለት ይቻላል፤ ይሁንና ሁሉም ውጤቱን ያያል።

ስለ መኪና ማስተካከል ለመናገር ማዝዳ ሚያታን ያህል የሚመች ምሳሌ አላገኘሁም። በ1989 የወጣው ይህ ባለ ሁለት መቀመጫ ክፍት መኪና በኋላ ጎማ የሚነዳ፣ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እኩል ሊባል በሚችል መጠን የተከፈለ ነው። አራተኛው ትውልድ እንኳ ከ1,060 ኪሎ ግራም እምብዛም አይርቅም። ከ2019 ሞዴል ጀምሮ ባለ 2 ሊትር ሞተሩ በአሜሪካ 181 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ስትሪት በሚባለው የፋብሪካ-ወጥ መኪኖች ምድብ ይህን መኪና ይዞ የሚገባ ሰው ሞላዎቹን መቀየር አይችልም፤ ሞተሩንም አይነካም። የተፈቀደለት ጎማ፣ ሾክ አብዞርበር፣ ከፊት ወይም ከኋላ አንድ ስታብላይዘር፣ እንዲሁም ፋብሪካው በተወው ልክ አላይመንት ነው። በዚህች ጥቂት ነፃነት ውስጥ ነው ጥበቡ ያለው።

መጀመሪያ ጎማ። እስከ 2013 ድረስ ፋብሪካ-ወጥ መኪኖች እንኳ በለስላሳ የውድድር ጎማ ይሮጡ ነበር። በ2014 ምድቡ ስትሪት ሲባል የመንገድ ጎማ ግዴታ ሆነ። አሁን በጎማው ጎን ላይ የሚታተመው የትሬድዌር (የጎማ ዕድሜ) ቁጥር ቢያንስ 200 መሆን ይጠበቅበታል። ቁጥሩን የሚሰጠው ራሱ አምራቹ ስለሆነ፣ እንደ ብሪጅስቶን አርኢ-71አርኤስ እና ዮኮሃማ ኤ052 ያሉት ስማቸው የመንገድ፣ ባሕርያቸው ግን የውድድር ነው። ነፋሱን ለሚያታ በ30 ፒኤስአይ ዙሪያ ይጀምሩና በጎማው ትከሻ ላይ ኖራ ይቀባሉ። ከዙሩ በኋላ ኖራው እስከ ጎኑ ድረስ ከተፋቀ ጎማው እየተጣጠፈ ነው፣ ነፋስ ይጨመር፤ ትከሻው ላይ ኖራው ካልተነካ ደግሞ ይቀነስ። ሁለት ሰው በአንድ መኪና ሲወዳደር ጎማው ሳይበርድ ስለሚመለስ በዙሮቹ መካከል ውኃ ሲረጭ ይታያል። በቀዝቃዛ ጠዋት ብቻውን የሚነዳው ግን ተቃራኒ ችግር አለበት፤ ጎማው ሞቆ መያዝ ሲጀምር ሦስቱ ዙር ያልቃል።

ቀጥሎ ስታብላይዘሩ፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማ መደገፊያዎችን የሚያገናኘው ዘንግ ነው፤ እዚህ ላይ ነገሩ ትንሽ ረቀቅ ይላል። መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጭ ጎማዎች ይዞራል። ምን ያህል እንደሚዞር የሚወስኑት የመኪናው ክብደት፣ የክብደቱ ማዕከል ከፍታ፣ የጎማዎቹ የጎን ርቀትና የኩርባው ኃይል ናቸው። ስታብላይዘር ይህን ድምር አይቀንሰውም፤ ሸክሙ ከፊትና ከኋላ እንዴት እንደሚካፈል ብቻ ይወስናል። ይህ ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ በጎማ ላይ ያለው ሸክም በእጥፍ ቢጨምር የመያዝ ኃይሉ በእጥፍ ስለማያድግ ነው። ብዙ ሸክም የዞረበት ጫፍ ከሌላው ቀድሞ ይንሸራተታል። በሚያታ ላይ ወፍራም የፊት ስታብላይዘር የሚገጠመው የፊቱ ሸክሙን ወስዶ፣ የውስጠኛው የኋላ ጎማ መሬት እንዳይለቅ ነው። ያ ጎማ ከቀለለ፣ በተለይ መቆለፊያ የሌለው ዲፈረንሻል ያለው መኪና ጉልበቱን በከንቱ ያሽከረክራል። በፊት ጎማ የሚነዱት፣ ለምሳሌ ሲቪክ፣ በተቃራኒው የኋላውን ያወፍራሉ፤ የውስጥ የኋላ ጎማቸው ከመሬት ተነስቶ ማየት የተለመደ ነው።

ሾክ አብዞርበር ሰውነቱ በምን ያህል ፍጥነት ወደ ጎን እንደሚጋደም ይቆጣጠራል። መኪናው በየሰከንዱ ከግራ ወደ ቀኝ በሚጠማዘዝበት ሜዳ ላይ ይህ ከሞተር ጉልበት ይበልጣል። ነገር ግን ሰዎች ብዙ ጊዜ ከልክ በላይ ያጠነክሩታል፤ ያረጀ ኮንክሪት ላይ ጠንካራ ሾክ መኪናውን ያዘልላል፣ የዘለለ ጎማም አይይዝም። አላይመንቱን ደግሞ ከቤታችን ልምድ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ አላይመንት የሚያሠራ ሰው መሪው ቀጥ እንዲል፣ ጎማው እኩል እንዲያልቅ ይፈልጋል። የአውቶክሮስ ሰው የጎማውን አናት ደንቡ እስከፈቀደለት ወደ ውስጥ ያጋድላል። የፊት ጎማዎቹን አፍንጫም ጥቂት ወደ ውጭ ይከፍታል፤ መሪውን ገና ሲነካው መኪናው እንዲታጠፍለት። ሰኞ ወደ ሥራ ሲሄድ የጎማው የውስጥ ጠርዝ ሲበላ ዝም ብሎ ያያል።

ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ማስተካከያ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ የሰከንድ ዐሥረኞችን ነው። ጀማሪና ሻምፒዮን በአንድ መኪና ተራ በተራ ቢነዱ ግን ልዩነታቸው በሰከንዶች ይቆጠራል። ጋራዥ ውስጥ ገንዘቡን የሚጨርስ ሰው ሜዳ ላይ የሚያጣው መስመር ነው።

መስመር የሚጠናው በእግር ነው። ጠዋት ዙሩ ከመጀመሩ በፊት ተወዳዳሪዎች ሜዳውን ደጋግመው ይዞራሉ። ነባሮቹ አንዳንዴ ቁጢጥ ብለው፣ ከመኪናው ውስጥ በሚታየው ከፍታ፣ ኮኖቹን ያያሉ፤ ከቆመ ሰው ዓይን በግልጽ የሚታየው በር ከሚያታ ውስጥ ሲታይ የብርቱካን ጫካ ይሆናልና። የሚሸመድዱት ሁሉንም ኮን አይደለም፤ መኪናው በተወሰነ ቦታ እንዲገኝ የሚያስገድዱትን ጥቂቶች ብቻ ነው። በስላሎም፣ ማለትም በተከታታይ ኮኖች ግራና ቀኝ መጠማዘዝ ላይ፣ ኮኖቹ በ15 ሜትር ከተራራቁና መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሄደ፣ ከኮን ወደ ኮን 0.9 ሰከንድ ነው። ኮኑን ካየ በኋላ መሪ የሚያዞር ሰው ዘገየ ማለት ነው፤ በሦስተኛው ኮን መኪናው ይሰፋል፣ በአምስተኛው ፍሬን ይይዛል። ስለዚህ የሚታጠፈው ኮኑ አጠገብ ከመድረስ በፊት ነው፤ ዓይንም ሁለት ኮን ቀድሞ ይሄዳል።

ስዊፐር የሚባለው ረጅም ኩርባ ደግሞ ከዙር ትራክ የመጡትን ያታልላል። እነሱ ወደ ውጭ ሰፍቶ ፍጥነት ይዞ መውጣት ለምደዋል። ሒሳቡን እንሥራው። ጎማው የመሬትን ስበት ያህል የጎን ኃይል ይሸከማል እንበል። 20 ሜትር ሬዲየስ ባለው ግማሽ ክብ ላይ መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ወደ 24 ሜትር ቢሰፋ 55 ይደርሳል። ሁለተኛው ፈጥኗል፤ የሚጓዘው ግን 63 ሜትር ሳይሆን 75 ነው። የመጀመሪያው በ4.5 ሰከንድ ሲጨርስ ሁለተኛው 4.9 ይፈጅበታል። ከኩርባው በኋላ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ቢኖር ሰፊው መስመር በመውጫ ፍጥነቱ ይካስ ነበር። እዚህ ግን ጥቂት ሜትር አልፎ ሌላ በር ይጠብቃል። ስለዚህ ውስጠኛውን ኮን ተጠግቶ፣ በትዕግሥት መዞር ነው። ትዕግሥት ያልኩት አለምክንያት አይደለም፤ ቤንዚን መስጫውን ያለጊዜው የረገጠ ሰው የፊት ጎማዎቹን ያቀላል፣ የቀለለ ጎማም መሪ አይሰማም።

ከመንዳት የተረፈው ሰዓት የጉልበት ነው። ግማሹ ሲወዳደር ግማሹ ሜዳ ላይ ቆሞ የወደቀ ኮን ያነሳል፣ ቅጣት በሬዲዮ ያስመዘግባል፣ አደጋ ካለ ቀይ ባንዲራ ያውለበልባል። ከዚህ ሥራ ነፃ የሚሆን ባለሀብት የለም። ከውድድሩ በፊት መኪና ይፈተሻል፦ ባትሪው ታስሯል ወይ፣ የጎማ ብሎኖች ጠብቀዋል ወይ፣ ፍሬኑ አይሰምጥም ወይ፣ የራስ ቁሩ ደረጃውን የጠበቀ ነው ወይ። እንደ ላንድክሩዘር ያሉ ረጃጅም መኪኖች ሊገለበጡ ስለሚችሉ በአብዛኛው አይፈቀድላቸውም።

በዋሺንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዚህ ሩቅ አይደሉም፤ የክለቡ የአካባቢው ቅርንጫፍ ሜሪላንድ ላንዶቨር ባለው የእግር ኳስ ስታዲየም ማቆሚያ ላይ ለዓመታት ሲያወዳድር ቆይቷል። ለመጀመር የስፖርት መኪና አያስፈልግም፤ የቤት ኮሮላም ይገባል። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ዓመት ከነፋስ መለኪያ በቀር ምንም አትግዙ እላለሁ። በየውድድሩ ከጎን ተቀምጦ የሚያስተምር ልምድ ያለው ሰው አይጠፋም፤ በነፃ ነው።

ደንቡን አሁን እየፈተነ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለች ጉዳዩ ለአገር ቤቱ አንባቢም እንግዳ አይሆንም። ቴስላ ሞዴል 3 ፐርፎርማንስ ከሚያታ በ800 ኪሎ ግራም ገደማ ይከብዳል፤ ጎማውንም በቶሎ ያግለዋል። ነገር ግን ባትሪው ወለሉ ላይ ስለተነጠፈ የክብደት ማዕከሉ ዝቅ ያለ ነው። ማርሽ መቀየር የለበትም፤ ከእያንዳንዱ ኮን ሲወጣም ሙሉ ጉልበቱ እግር ሥር ይጠብቃል። ክለቡ ለኤሌክትሪክ መኪኖች የሙከራ ምድብ ከፍቷል፤ ከቤንዚኖቹ ጋር የትኛው ምድብ ውስጥ ይግቡ የሚለው ክርክር ግን ደንቡ በታደሰ ቁጥር ይነሳል።